አውድማው ዳር የሠራሁት ሱቅ

ፈሪ ነኝ። ልጆቼ ይህን ስላቸው ይስቁብኛል። ጠላት አገሩን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ ከደብረ ማርቆስ መውጫ ላይ፣ ባሌ በሌለበት፣ ቤት ሠርቼ ሱቅ መክፈቴን ስለሚያውቁ ደፋር እመስላቸዋለሁ። ያ ቤት ግን ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ በፍርሃት የተሠራ ነው። ድፍረት ቢኖረኝማ እንደ ባሌ ጫካ እገባ ነበር። እኔ የፈለግሁት ሁለት ሴቶች ልጆቼን ይዤ የምገባበት ጣሪያና፣ ማንም መጥቶ «ባልሽ የት ነው?» የማይለኝ ደጅ ብቻ ነበር።

ባሌ ጣልያን በገባ በዓመቱ ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወደ አርበኞቹ ወጣ። ሲሄድ ያለኝ ነገር ቢኖር፣ ለጠየቀሽ ሁሉ ለጥጥ ንግድ ቆላ ወርዷል በዪ ነው። እኔም ይህንኑ አልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ እውነቱን ያውቃል፤ እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ግን «ጥጡ እንዴት ሆነ?» ይሉኛል፣ «ዘንድሮ ተወዷል አሉ» እላለሁ፤ እንዲህ እየተባባልን ከረምን። ገበያው መሀል መስቀያ ተተክሎ ነበር፤ ሁለት ግንድና አንድ አግዳሚ። የአርበኛ ሚስት መሆኗ የታወቀባት ሴት ምን እንደሚገጥማት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። በዚያ በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንብኝ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር የማልፈው።

ከዚያ ፕላን የሚባል ነገር መጣ። ጣልያን ከተማውን ወረቀት ላይ እንደ አዲስ ሠራው። በካምፑ ዙሪያ ያሉት የሣር ቤቶች ሁሉ ይፈርሳሉ ተባለ፤ እኔ ተጠግቼ የምኖርበትም ከነሱ አንዱ ነበር። ወደ ደምበጫ በሚወስደው አዲስ መንገድ ዳር መሬት ያለው ሰው ደግሞ ክረምት ሳይገባ የቤቱን ሥዕል አቅርቦ ፈቃድ ያውጣ፤ ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ይሁን፤ ያላቀረበ መሬቱ ለካሚዮን ማቆሚያ ይወሰዳል ተብሎ ተለፈፈ። ባሌ ከአባቱ የወረሰው ቁራሽ መሬት መንገዱን ተደግፎ ነበር። ሌላ መግቢያ አልነበረኝም። ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ ቢሮ መግባት፣ ቢሮ ገብቶም የባልን ስም መጥራት ግድ ነው። ብሄድ ባሌን ላጣ፣ ብቀር ልጆቼን። አንድ ሳምንት ሙሉ እህል አልዋጥ አለኝ፤ መጨረሻ ላይ ለልጆቼ ፈረድኩ።

የጠላሁት ጣልያንን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከመሬታችን ጀርባ የባሌ ዘመዶች አውድማ አለ። አራት ቤት ሆነው በጋራ የሚወቁበት፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ። የባሌ አጎት የነዚያ አራት ቤቶች አውራ ነበሩ። ባሌን ከአባቱ ሞት በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ረዥም፣ ደረቅ፣ ንግግራቸው ከዱላቸው የሚያም ሰው። ሱቅ ልሠራ ነው ብዬ አንድ ሰው ፊት ባነሣሁ በማግስቱ አራቱም ቤት አደመብኝ። ዘር በሚወቃበት ደጅ ጨውና ክብሪት ሊቸረቸር ነው አሉ። የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ አስካሪው፣ ተሰብስቦ ሴቶቻችንን ሊያይ ነው አሉ። ከሁሉ የባሰው ግን የነፋሱ ነገር ነበር። የተወቃ እህል እየተበተነ የሚዘራው ከመንገዱ ወገን በሚመጣው ነፋስ ነው፤ እዚያ ላይ ረዥም ቤት ከቆመ ነፋሱ ይዘጋል፣ ገለባው ከፍሬው አይለይም። ከቤቴ እህል ውሃ ላይቀምሱ ተማማሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በነፋሱ ነገር እነሱ ልክ ነበሩ። ግን ያኔ ይህን ከምል ምላሴን ብነክስ ይሻለኝ ነበር።

የቤቱን ሥዕል ማን ይሥራልኝ? የንስሐ አባቴ ደብረ ወርቅ ተምረው ቁም ጽሕፈትና ሥዕል የሚያውቁ ቄስ ነበሩ። ለመንኳቸው። ቤት ሥለው አያውቁም፤ ካወቁትም የሚያውቁት የኖኅን መርከብ ነው። ብራና ላይ ሣሉልኝ። ፊት ለፊት ሱቅ፣ መሀል የኔና የልጆቼ ማደሪያ፣ ከኋላ ለገበያተኛ ማሳረፊያና ለአህዮቹ ጋጣ ብዬ ነግሬያቸው ነበር፤ እሳቸው ሁሉንም አንዱን ባንዱ ላይ ደረቡት። አህዮቹ ከታች፣ ገበያተኛው ከመሀል፣ እኔና ልጆቼ ከላይ በመስኮት ብቅ ብለን። በሩ ላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ አቆሙ። መልአኩ ለምንድነው ብላቸው፣ «አስካሪ ይመጣል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አሉኝ።

ያንን ብራና ይዘን ከቄሱ ጋር መሬቱ ላይ ችካል ስንተክል ነው የባሌ አጎት የደረሱት። ከሩቅ «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። በኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራ የሚሄድ ይቆማል፣ የሚማታ እጁን ያወርዳል። እኔም ችካሉን እንደያዝኩ ደረቅሁ። ቀስ ብለው መጡና ወኪልሽ ማን ነው አሉኝ። ሴት በባሏ ነበር የምትሟገተው። ባሌ የት እንዳለ ደግሞ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ፤ ሲሄድ ስንቁን ያስቋጠሩት እሳቸው ናቸው። «እኔው ነኝ» አልኩ። የጋቢያቸውን ጫፍ ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ተሟጋች ዳኛ ፊት እስኪደርስ እንዲህ ተቆራኝቶ ነው የሚሄደው፤ ማንም ማንንም ጥሎ እንዳይጠፋ። የቀድሞው ዳኛችን ግን ከሥልጣኑ ከተሻረ ቆይቷል። ዳኛ ያለው ጣልያን ቢሮ ነው።

መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ለኔ ግን የማያልቅ ሆነብኝ። ሽማግሌውን የፈራሁት ክፉ ስለሆኑ አልነበረም፤ ቁጡ ስለሆኑ ነው። የተቆጣ ሰው አፉ ላይ የመጣውን ይላል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አንዲት ቃል ብታመልጣቸው እኔም እሳቸውም ባሌም አለቀልን። መስቀያው ጋ ስንደርስ ቆምኩ፤ ጨርቁ ያዛቸውና እሳቸውም ቆሙ።

«አያ፣ ስለ እመብርሃን» አልኳቸው፤ «ሌላ የፈለጉትን ይበሉ። የሱን ነገር ብቻ አያንሡ።»

አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ምነው ቢሰድቡኝ አልኩ በልቤ። ዝምታቸው ከስድብ የበለጠ አስፈራኝ። በር ላይ የቆመው ዘብ ተቆራኝተን ሲያየን ሳቀና አሳለፈን።

ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው መሐንዲስ ወጣት ጣልያን ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የከተማው ፕላን ተዘርግቶ፣ በአራት ድንጋይ ተይዞ። አጠገቡ አስተርጓሚው ቆሟል። ጣልያኑን አልፈራሁትም፤ ጣልያኑ የሚያየው ወረቀቱን ነው። አስተርጓሚው ግን የሚያየው እኛን ነበር። ከመረብ ማዶ የመጣ ሰው ነው፤ አማርኛው የጠራ፣ ጾሙን የማይሽር፣ ማርቆስ ሲያስቀድስ የማየው። የኛን ነገር ሁሉ ያውቃል። ባይተዋር ቢሆን ኖሮ ሊታለል ይችል ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ብራናውን አቀረብኩ። መሐንዲሱ ዘረጋው፣ አየው፣ ዘቅዝቆ አየው። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። መልአኩን በጣቱ እየነካ አስተርጓሚውን አንድ ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው አልሳቀም። ሽማግሌውን የመጣህበት ምንድነው አለ፤ ባባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው «አንተ» ብሎ። በጨርቁ በኩል የሽማግሌው ክንድ ሲነዝር ተሰማኝ። ነገሩን አስረዱ፤ ስለ አውድማው፣ ስለ ነፋሱ። አስተርጓሚው ለጣልያኑ ጥቂት ቃል ነገረውና ወደኔ ዞረ።

ባልሽስ አለኝ። ቆላ ወርዷል፣ ለጥጥ ነው አልኩ። መቼ ወረደ አለኝ። ስንት ወር ብል እንደሚሻል ሳስብ ዘገየሁ፤ መዘግየቴን አየብኝ። ስድስት ወር አልኩ። ስድስት ወር ጥጥ ሲገዛ ነው አለኝ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ፤ ይኸው ደረሰ አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ እኔን ትቶ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አንተ አጎቱ ነህ። የት ነው?»

ጨርቁ ተወጠረ። ልባቸውን አላውቅም፤ የማውቀው ለመሬቱ የመጡ ባላንጣዬ መሆናቸውን ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ቢናገሩ ቤቱም ሱቁም ይቀርላቸዋል። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ።

«መርዶውን የሚነግር ሰው ጠፍቶ ነው» አሉ። «ልጁ ሞቷል። ቆላ ንዳድ ያዘውና እዚያው ተቀበረ። ወር አልፎታል። እሷ አታውቅም።»

ይህንን የሚያነብ ሰው ውሸት መሆኑን ወዲያው የሚያውቅ ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን አላወቅሁም። በኛ ዘንድ ሞት ለቤተሰብ እንደተሰማ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይይዙታል፤ ወር፣ ሁለት ወር፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ቀን እስኪመቻች ይደብቁታል። አገር ያወቀውን ሞት ባለቤቷ በመጨረሻ ትሰማለች። የናቴን ሞት እንኳ የሰማሁት ከሃያ ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው መንገዱን ሁሉ ዝም ያሉት፣ ልመናዬን ያልመለሱት ለዚህ ነው ብዬ አመንኩ። ለዚህ ነው ጎረቤት ሰሞኑን ዓይኔን የሚሸሸኝ ብዬ አመንኩ። ጮኽኩ። ወለሉ ላይ ተዘረርኩ፣ ፊቴን ነጨሁ፤ የተቆራኘን ስለነበር ሽማግሌውም አብረውኝ ተንበረከኩ። ጣልያኑ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ።

አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየ። የኔን ጩኸት የሚያስመስል ሰው እንደሌለ ገብቶታል። ቀጥሎ የተባለውን በለቅሶዬ መሀል ነው የሰማሁት። መሐንዲሱ፣ ባሏ ከሞተ መሬቱ የሽማግሌው ነው ወይ ብሎ አስጠየቀ። እሳቸው መሬቱ የልጆቹ ነው፣ እኔ የመጣሁት ለነፋሱ ነው አሉ። ጣልያኑ ነፋስ የሚባለው ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስደግሞ ጠየቀ። ሲገባው እርሳሱን አነሣና የቄሱን ሦስት ደርብ አንድ አደረገው፤ ቤቱን በጎኑ አዞረው፤ ጠባቡ ግድግዳ ወደ መንገዱና ወደ ነፋሱ፣ ረዥሙ በመሬቱ ድንበር ጥግ። መልአኩን ግን አልሰረዘውም።

አስተርጓሚው ብራናውን ከእጁ ተቀበለውና አጠፈው። ወር አለፈው ካላችሁ አርባው ቀርቧል፣ መቼ ነው አለ። ሽማግሌው ዛሬ ሳምንት አሉ። «መልካም። ተዝካሩ ላይ እመጣለሁ» አለ፤ «ፈቃዱንም ያኔ ይዤው እመጣለሁ።»

እንደተቆራኘን ወጣን። እንዴት እንደተራመድኩ አላውቅም። ሽማግሌው እየጎተቱ አሳለፉኝ፤ ገበያውን፣ መስቀያውን፣ ሰው የሚያየንን ሁሉ። ወንዙን ተሻግረን ማንም በሌለበት ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሐሰት ነው» አሉኝ። «ልጁ ደኅና ነው።»

መታኋቸው። ባሌን ያሳደጉትን ሽማግሌ ደረታቸውን በጡጫ መታሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ይነገራል ወይ አልኳቸው። እሳቸው አልተከላከሉም። ቋጠሮውን ፈቱና ከወንዙ ማዶ የቆሙትን ሰዎች በአገጫቸው አሳዩኝ። «አልቅሺ» አሉኝ፤ «ማልቀሱን እንዳትተዪ።»

የፈሪ እናት አታለቅስም ይባላል፤ እኔ ፈርቼም አለቀስኩ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። የሚያስለቅሰኝ አላጣሁም፤ ሐሰት ነው ያሉኝ ሽማግሌ፣ ሐሰት ያሉት እኔን ለማጽናናት ቢሆንስ? አንዴ መርዶ ከሰማሁ በኋላ የትኛውን ልመን? ደግሞስ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ሞትን በስሙ መጥራት አይደለም ወይ? ልጆቼን ጥቁር አለበስኳቸው። እውነቱን እንዳልነግራቸው ልጅ አፉ አይታመንም፤ ባለመንገሬ ደግሞ ትልቋ እህል አልቀምስ አለች። ያን ጊዜ የራሴን ልጅ በውሸት መቅጣቴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። በአምስተኛው ቀን ከአምበር ገበያ ጌሾ እያመጣች የምትሸጠው ሴት መጣች፤ የባሌ መልእክት በሷ በኩል ነበር የሚደርሰኝ። ጥቁር መልበሴን አይታ ደነገጠች። የላክሽለትን ዳቦ ቆሎ በልቶ ጨርሷል፣ ጨምሪልኝ ብሏል አለችኝ። ያን ቀን ልቤ ጥቂት መለስ አለ።

ለአርባው ሁለት ቀን ሲቀር ሌላ ጣጣ ወጣ። የንስሐ አባቴ አይሆንም አሉ። ሽማግሌውን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት አላደርስም፣ ብሰቀልም አላደርስም፣ ያለ ፍትሐት ደግሞ ተዝካር የለም አሉ። ልክ ናቸው። አስተርጓሚው ደግሞ ቅዳሴ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ካህን የሌለበት ተዝካር አይቶ የሚመለስ አይደለም።

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ወደ ሰሜን ዘምቶ ያልተመለሰ። አብረውት የዘመቱት ተመልሰው ወድቆ አይተነዋል ብለዋል። እሳቸው ግን አልተቀበሉም። ቤታቸው ውስጥ ስሙን በሙት ያነሣ ሰው የለም፤ ይመጣል ነው የሚሉት። አልጋው እንደተነጠፈ ነበር።

«ስም አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «የልጄን የክርስትና ስም ይጥሩበት።»

ቄሱ ተነሥተው መስቀላቸውን አሳለሟቸው። በሳቸው ቦታ ብሆን አደርገው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አላደርገውም ነበር።

ዳሱ አውድማው ላይ ተጣለ። ሌላ ሰፊ ቦታ አልነበረኝም፤ ለነገሩ ሽማግሌው ናቸው እዚያ ይሁን ያሉት። አራቱ ቤት ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ እህል ውሃዬን ላይቀምሱ ምለዋል። መጡ። ባቄላውና ጠላው የኔ የግሌ እንዳይሆን ነው መሰለኝ ሁሉም ከየቤቱ ይዞ መጣ፤ እንጀራው በአራት መሶብ ተሸፍኖ ከአውድማው ወዲያ ማዶ በሰልፍ ሲመጣ አየሁ። ነፋሴን ዘጋሽ ብላ ስሜን በአገሩ ያጠፋችው፣ ከአራቱ ቤት የአንደኛው እመቤት የሆነችው ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎኔ ተቀመጠችና ታለቅስ ጀመር።

አስተርጓሚው ብቻውን መጣ። እያንዳንዱን እየዞረ ጠየቀ፤ እንደ ዘበት፣ እንደ ሐዘን ጨዋታ። በምን ሞተ? በንዳድ። ማን ቀበረው? ጥጥ ነጋዴዎች። አንዱ ሰው ሲመልስ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ሲጨርስ እተነፍሳለሁ። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ሁሉም ያንኑ መለሱ። ማንም አላስተማራቸውም። ከዚያ ቄሶቹ ፍትሐቱን ጀመሩ። የክርስትና ስሙ ሲጠራ አስተርጓሚው ባርኔጣውን አወለቀ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። እንደ ወንድ አላለቀሱም፤ እንደ እናት አለቀሱ። መሬት ላይ ወርደው ገለባውን በሁለት እጃቸው እየዘገኑ ራሳቸው ላይ አደረጉ። አውድማው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የማንን ስም እንደሰማ ያውቅ ነበርና ዳሱ በለቅሶ ተናጋ። ለኔ ባል የመጣ ሰው አልመሰለኝም ነበር፤ ለሳቸው ልጅ ሁለት ዓመት የዘገየው ለቅሶ ነበር። አስተርጓሚው ሽማግሌውን ሲመለከት ቆየና ወደኔ መጣ። የፈቃዱን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «ሌላ ክፉ አያሰማሽ» አለኝ። ሁሉም ለቀስተኛ የሚለው ቃል ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቀን ያንን ቃል እየሰማሁ ኖርኩ። በሱ መዝገብ ባሌ ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ ተዝካሩ ወጥቷል። እንግዲህ ከዚህ ቤት ስለ ባሌ ሌላ ድምፅ ሊሰማ አይገባም።

ቤቱ ከክረምት በፊት ቆመ። እንደተባለው አንድ ደርብ፣ ጠባብ ጎኑን ለነፋሱ ሰጥቶ። ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ሻማ ሸጥኩ፤ የሚገዙኝ መንገደኛና አስካሪ ነበሩ። ከአራቱ ቤት አንድም ሰው የሱቄን ደፍ አልረገጠም። የማሉት ስለ እህል ውሃዬ ነበር፤ ተዝካሩ ላይ የቀመሱት የየራሳቸውን ነውና መሐላው አልፈረሰም። ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ ለጨው ግን እስከ ገበያ ይሄዳሉ። ሽማግሌው ከሁሉ የባሱ ነበሩ። ከጀርባ አውድማው ላይ ሲወቁ ይውላሉ፣ ወደኔ በኩል አይዞሩም። እኔም ከመደርደሪያዬ ኋላ ሆኜ ካሚዮን በቆመ ቁጥር እንቀጠቀጥ ነበር። አስተርጓሚው አንዳንዴ ሻማ ሊገዛ ይመጣል፤ ልጆቼን ስማቸውን እየጠራ ያናግራቸዋል፤ ሲወጣ የመለሱለትን አንድ ባንድ አስደግማቸዋለሁ።

በዓመቱ፣ ጤፍ ተወቅቶ ለነፋስ በሚዘራበት ሰሞን፣ ከቀትር በፊት ነው። ነፋሱ በቤቴ ጎን እያለፈ ገለባ ወደ ሱቁ ይገባ ነበር። ሦስት አስካሪዎች ጨው ሊገዙ ቆመዋል። በሩ ጨለመና ቀና ስል የባሌ አጎት ናቸው። ሱቄ ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ገና ደፉን ሲያልፉ መርዶ ይሆን ወይ አልኩ፤ አይሆንም አልኩ ደግሞ። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌዎች፣ በሰው መሀል ነው የሚነገረው፤ እሳቸው ብቻቸውን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንገታቸውን ሳይደፉ ገቡ። አስካሪዎቹን ሰላም ብለው በመደርደሪያው ዞሩና ከጎኔ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

እጃቸው ወደ ነጠላዬ ሲሄድ አየሁ። ማንም በማያይበት በመደርደሪያው ሥር፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠሩት፤ ያኔ ችካል ስተክል እንደቋጠሩት።

«የዛሬው እውነት ነው» አሉኝ።

አስካሪው ጨውሽ እርጥብ ነው አለኝ። አይደለም አልኩት። ሰፈርኩለት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ፈሪዋ እኔ፣ ያን ቀን እጄ አልተንቀጠቀጠም። ጩኸቴን ከዓመት በፊት ወለል ላይ ተዘርሬ ጨርሼዋለሁ፤ ለሁለተኛ የሚሆን ተራ የለኝም። ብጮህ እኔ ብቻ አልነበርኩም የምሰቀለው፤ አርባውን የበላ ሁሉ ነው። ልሸሽ ብል ደግሞ ጨርቁ ይዞኛል። የሽማግሌው ክንድ በጨርቁ በኩል ሲነዝር ይሰማኝ ነበር።

አስካሪዎቹ ሳይወጡ ያቺ ነፋሴን ዘጋሽ ያለችኝ ጎረቤቴ ገባች፤ ከአውድማው ቀጥታ፣ ገለባ ፀጉሯ ላይ እንዳለ። ጨው አለችኝ። ዓይኔን አላየችም። ስሰጣት እጄን ይዛ አቆየችው፣ ከዚያ ወጣች። ባሏ ተከተለ፤ ጨው አለ። ከሁለተኛው ቤት አሮጊቷ በምርኩዝ መጣች፤ ጨው። ከሦስተኛው ቤት፣ ከአራተኛው ቤት፣ አንድ ባንድ፣ እየተጠባበቁ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መጡ። አንዳቸውም እግዜር ያጥናሽ አላሉኝም። እፍኝ እፍኝ ጨው ብቻ ገዙ፣ እጄን እየያዙ ወጡ። አስተርጓሚው ወደ ማታ አካባቢ ለሻማው ሲመጣ ደጁ ላይ የተሰለፈውን ሰው አየና ዛሬ ገበያሽ ደርቷል አለኝ። አዎ ጌታዬ አልኩት።

የጨው ጆንያው ጠዋት አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨው አለቀብኝ።